ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘንግ

«ለባለቤትዎ ነው?» ሲል ሻጩ ፈገግ ብሎ ጠየቃት።

የትነበርሽን የሚያውቅ ሰው ይህን ከሚጠይቅ ምላሱን ቢነክስ ይሻለዋል። ሴትዮዋ አምሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ባሏን የፈታችው ድሮ ነው፤ አንድ ለእናቷ የሆነችው ልጇ ሐምራዊት አድጋ፣ ተምራ፣ ዴን ሃግ ቢሮ ገብታለች። እሷ ደግሞ ቭላርዲንገን ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የእሷን እጥፍ የሚከብዱ ሰዎችን ከአልጋ ወደ ወንበር ስታነሳ ኖራለች። ዴን ሃግ ወደቡ አጠገብ እዚህ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ድረስ የመጣችውም ለማንም ባል አይደለም።

«ለራሴ ነው» አለችው። «ኩራሳው ልኖር ልሄድ ነው። የጨው ውሃ የሚችል፣ ሻንጣ የሚገባ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘንግ ስጠኝ። አንድ ብቻ።»

ኩራሳው ማለት ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ ብርድ የማታውቅ፣ ግን ሆላንድኛ የሚሠራባት ደሴት ናት። እዚያ ያለ አንድ መጦሪያ አስታማሚ ፈለገ፣ የትነበርሽ አመለከተች፣ ተቀበሏት። ትኬቱ ተቆርጧል፤ የቭላርዲንገኑን ቤትም እለቃለሁ ብላ አስታውቃለች። የቀሯት ዘንጉና ወንድሟ ናቸው፤ ዘንጉ ይቀላል።

ሻጩ ልማዱ ነውና ሦስት ዘንግ ደረደረላት። አንዱ የበር መወርወሪያ የሚያህል፣ ትልቅ ዓሣ ከጀልባ ላይ ለመጎተት፤ አንዱ ከዳርቻው አርቆ ለመወርወር፣ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ፤ አንዱ ደግሞ ለትንንሽ ዓሣ፣ እንደ አለንጋ የቀጠነ። «አንድ ዘንግ ሁሉን አይሠራም፣ እመቤት» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

«አባቴ ጭራሽ ዘንግም አልነበረው» አለችው የትነበርሽ።

እውነቷን ነው። የተወለደችው አሰብ፣ ቀይ ባሕር ዳር ነው። አባቷ ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ እሷንና ታላቅ ወንድሟን አስራትን ይዞ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና እንጨት ላይ የጠቀለለውን የናይለን ክር ይጥላል። ለትልቁም ለትንሹም ዓሣ ያው ክር ነው። መንጠቆውን ይለውጣል፣ እርሳሱን ያከብዳል ወይ ያቀላል፣ በቃ። «ክር አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው ጫፉ ነው» ይል ነበር። የትነበርሽ ከአባቷ የወረሰችው ይህንን አባባል ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ አሰብ ትተውት ወጥተዋል።

ስለዚህ ሦስቱንም ትታ ጥግ ላይ ወደ ተሰቀለው፣ አራት ቦታ ወደሚፈታው መካከለኛ ዘንግ ሄደች። ገጣጠመችውና ጫፉን አብራት ለመጣችው ለሐምራዊት አስያዘቻት።

«ሳቢ።»

«ማማ፣ ሰው እያየን ነው» አለች ሐምራዊት። የምሳ ሰዓቷን ሰውታ ነው የመጣችው፤ የቢሮ ልብሷን እንደለበሰች ናት።

«ይይና። ሳቢ።»

ሐምራዊት ሳበች። ጫፉ እሺ ብሎ ጎበጠ፤ ወገቡ ላይ ሲደርስ ግን እምቢ አለ። የትነበርሽ የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ትንሿ ዓሣ ስትነካው የሚሰማ ጫፍ፣ ትልቁን የሚያቆም ወገብ። ከዚያ ሆላንዶቹ ሞለን የሚሉትን የክር መጠቅለያ መረጠች። እሱም መካከለኛ ነው፣ ጨው እንዳይገባበት ዙሪያውን የተደፈነ። ቀጭን ግምድ ክር አስሞላችበት። ጫፉ ላይ የሚቀጠል ወፈር ያለ ክርም ያዘች፣ ኮራል የሚባለው ስለታም የባሕር ድንጋይ እየበጠሰ እንዳያስቸግራት፤ ጥርሳም ዓሣ ቢመጣ ደግሞ ስንዝር ስንዝር የሚሆን ሽቦ። ርካሹን መንጠቆ ልታነሳ ስትል ሻጩ «ይህን ጨው በሳምንት ይበላዋል» ብሎ የማይዝገውን አቀበላት። እሺ ብላ ወሰደች። ምክር ማን ይጠላል፤ እሷ የምትጠላው ክልከላ ነው።

ትራም ላይ ሐምራዊት ዘንጉ ያለበትን ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አስራት ይህን አይቷል?» አለች። እዚህ ያደገች ልጅ ናትና አጎቷን በስሙ ነው የምትጠራው፤ እሱም ተው ብሎ ብሎ ደክሞት ትቶታል።

«ትኬት መቁረጤን ሰምቷል።»

«ዘንጉንስ?»

«ዘንጉንም ያየዋል።»

«ሽማግሌ ይሰበስብብሻል፣ ማማ። እንደ ቭሊሲንገኑ ያደርግሻል።»

የትነበርሽ ከረጢቱን ከጭኗ ወስዳ ራሷ ያዘችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምራዊት ሕፃን ሳለች የትነበርሽ ቭሊሲንገን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ጥሩ ሥራ አግኝታ ነበር፤ መስኮቱ ቀጥታ ባሕሩን የሚያይ ቤት ጭምር። አስራት ሰማና ሽማግሌ ሰበሰበ። ብቻሽን ልጅ ይዘሽ ከወገን ርቀሽ የት ትሄጃለሽ ብለው መከሯት፣ እምቢ አለች። ለመኗት፣ እምቢ አለች። በመጨረሻ የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ አዘዘ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። እንግዲህ ሽማግሌ ቆሞ ከለመነ እምቢ አይባልም። ወንድሙ የተገደለበት ሰው እንኳ ሽማግሌ ሲቆምበት ይቅር ይላል። የትነበርሽ ቀረች፤ የቤቱንም ቁልፍ መለሰች። ያ መስኮት እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

አስራት ክፉ ወንድም አይደለም፣ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል። አምስተርዳም፣ ቢልመር ሰፈር የሚኖር፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ግን ባሕር ይጠላል። በሰማንያ ሦስት ሕዝቡ ከአሰብ ሲሸሽ አባታቸው «እኔ ከዚህ ውሃ አልለይም» ብሎ ቀረ። ልጆቹ በበረሃው ወጡ፤ ሞቱንም ከዓመታት በኋላ በሰው በሰው ሰሙ። መቃብሩን አላዩም። ከዚያ ወዲህ አስራት ባሕር ዳር ቆሞ አያውቅም። አምስተርዳም ውስጥ ሰው ሁሉ በነጻ የሚሻገርበትን ጀልባ እንኳ አይሳፈርም፣ ዞሮ ይሄዳል። የትነበርሽ ደግሞ እረፍት ባገኘች ቁጥር ቭላርዲንገን ወንዙ ዳር የተዋሰችውን አሮጌ ዘንግ ይዛ ቆማ ትውላለች። ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች «ሴትዮዋ ዓሣ አጥማጅ ሆነች» እያሉ ያሟታል፤ ሁዳዴ ሲገባማ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የሚነሣው በእሷ ስም ነው። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። የሞተባቸው አንድ አባት ነው፤ አስራት ከውሃ ሸሸ፣ እሷ ወደ ውሃ።

ቅዳሜ አስራት ሻንጣ በመክተት ላግዝሽ ብሎ ቭላርዲንገን መጣ። ሚስቱ ሸዋዬ የላከችውን ሽሮና በርበሬ ተሸክሟል፤ ድርቆሹ ለብቻው አንድ ከረጢት ሞልቷል።

«ኩራሳው እንጀራ የት ይገኛል?» አለ፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ። «ሀበሻ የለ፣ እድር የለ፣ ብትሞቺ የሚቀብርሽ የለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።»

«ዓሣ አለ» አለችው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ዘንዶ ካወጣሁ እጠብሰዋለሁ።»

አስራት አልሳቀም። ሽሮውን ከተተ፣ በርበሬውን ከተተ፣ ድርቆሹን ጠቀጠቀ፤ ሻንጣው አልዘጋ አለ። እጁን ከታች ሰደደና ዘንጉን ከነከረጢቱ መዝዞ አወጣው።

«ሽሮው ይገባል፣ ይህ ይቀራል።»

«ሽሮው ይቀራል፣ እሱ ይገባል።»

«የሸዋዬን ሽሮ ልትጥዪ ነው?» አለ፣ ፊቱ ተለዋውጦ። ዘንጉን ብብቱ ሥር አደረገው። «ነገ ቤቴ ምሳ ነይ። ሽኝት አዘጋጅተንልሻል። ዘንግሽንም ከዚያ ትወስጃለሽ።»

«አስራት፣ ዕቃዬን አስቀምጥ።»

«ነገ አልኩሽ» ብሎ ወጣ።

ዘንጓን ተሸክሞ ወደ ሜትሮው ሲሄድ በመስኮት አየችው። ሌላ መግዛት ትችል ነበር፤ ሱቁም ሻጩም እዚያው ናቸው። ግን ነገሩ ገብቷታል። ሽኝት ያለው ሽምግልና ነው። ካልሄደች «ሽማግሌ ረግጣ ሄደች» ይባላል፣ ወንድሟንም ለዘላለም ታጣለች። ከሄደች ደግሞ ጋሽ አዘዘ ይነሡና ነገሩ ያልቃል። ራሷን ታውቃለች፤ ሽማግሌ ከቆመባት አንጀቷ አይችልም። ዛሬ ከቀረች ደግሞ ባሕር ዳር የምትኖርበት ሌላ ዕድሜ የላትም።

«አልቀርም» አለች ለባዶው ቤት። «ዘንጌንም ትቼ አልሄድም።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ከሐምራዊት ጋር በባቡር ወደ አምስተርዳም ሄዱ።

«ዝም ብለሽ ኔ በያቸው» አለቻት ሐምራዊት። እምቢታ በሆላንድኛ ሲሆን ይቀላታል። «ምን ያደርጉሻል?»

«ምንም አያደርጉኝም። ይቆማሉ።»

«ይቁሙና። እስኪደክማቸው ይቁሙ።»

የትነበርሽ ሳቋ መጣ። ይህችን ልጅ ማን ያስረዳታል ብላ አሰበች፤ ደግሞም ትንሽ ቀናችባት።

የአስራትን ሳሎን እንዳየች ነገሩ ቁልጭ አለላት። ሽኝት ቢሆን ኖሮ ቤቱ በጫጫታ ይሞላ ነበር። እዚህ ግን ሶፋው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተደርድረዋል፤ ጋሽ አዘዘ መካከል ላይ ናቸው፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ትይዩአቸው አንድ ወንበር ብቻ አለ። ዘንጓ የለም።

ጎንበስ ብላ ሦስቱንም ሰላም አለች።

«ተቀመጪ እንጂ» አለ አስራት፣ ወንበሩን እያሳያት።

አልተቀመጠችም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ተከሳሽ ነው፤ አንዴ ተቀምጣበት ታውቀዋለች። ቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። ሸዋዬ ወጥ እያማሰለች ነበር።

«ሽሮዬን ልትጥዪው ነው አሉ» አለች ሸዋዬ፣ ከድስቱ ቀና ሳትል።

«በርበሬውን ግን እይዛለሁ። ለዓሣው።»

ሸዋዬ ከንፈሯን ገጥማ ሳቋን ዋጠች። የትነበርሽ የእጅ ማስታጠቢያውን ከመደርደሪያ አውርዳ ለብ ያለ ውሃ ሞላችበት፤ ሳህኑን ለሐምራዊት አስያዘቻት።

«ምግቡ ገና ነው እኮ» አለች ሸዋዬ።

«አውቃለሁ።»

ሸዋዬ አሁን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ንጹሕ ፎጣ ከመሳቢያ አወጣችና የትነበርሽ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ድስቷ ዞረች።

እዚህ ላይ ስለ ጋሽ አዘዘ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ አዘዘ ሳይመርቁ የሰው ውሃ ተቀብለው አያውቁም። ብርጭቆ ያቀበላቸው ይመረቃል፣ በር የከፈተላቸው ይመረቃል። አንዴ ሮተርዳም ሜትሮ ውስጥ ተቆጣጣሪው ካርዳቸውን አይቶ ሲመልስላቸው ቆመው መርቀውታል፤ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ይቅርታ ጠይቋል። ያስታጠባቸውማ እስከ ልጅ ልጁ ይመረቃል። አስራት ይህን ጠባያቸውን ከማንም በላይ ያውቃል። ዛሬ ግን የሚናገረውን ሲያሰላስል ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ብሎ ጀመረ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው...»

የትነበርሽ ማስታጠቢያውን ይዛ በፊቱ አለፈችና ጋሽ አዘዘ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ እጅዎን።»

እጅ የምታስታጥብን ሴት ተነሺ የሚል ሰው የለም። አስራት አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጋሽ አዘዘ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሐምራዊት ሳህኑን ከሥር ያዘች፣ ውሃው ወረደ።

«መንገደኛ ነኝ፣ ጋሼ» አለች የትነበርሽ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ኩራሳው ልሠራ እሄዳለሁ። ዓሣ የማጠምድበትም ዘንግ ገዝቻለሁ፤ አስራት ጋ ነው ያለው። ይምጣልኝና እኔንም ዘንጉንም ይመርቁን።»

ጋሽ አዘዘ እጃቸውን በፎጣው እያደረቁ አዩዋት። ቆየት ብለው አዩዋት።

«አስራት፣ እስቲ አምጣው» አሉ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እኮ ነገሩን...»

«እጄ ታጥቧል። አምጣው።»

ምን ያድርግ። ሽማግሌዎቹን የጠራ እሱ፣ አለቃ ያደረጋቸው እሱ። መኝታ ቤት ገብቶ ዘንጉን ይዞ ወጣና በሁለት እጁ ለጋሽ አዘዘ አቀረበላቸው።

«አጭር ነው» አሉ፣ ከረጢቱን እያገላበጡ።

«ይገጣጠማል» አለች የትነበርሽ፣ ከረጢቱን ተቀብላ ስትፈታ። ያኔ እጇ ቆመ። ክሩ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ አልፏል። እሷ አላሳለፈችውም። ጫፉ ላይ ወፍራሙ ክር ተቀጥሏል፣ መንጠቆም ታስሯል። መንጠቆው የሱቁ ነው፤ ቋጠሮው ግን የሱቅ አይደለም። ክሩ በራሱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጭራው ወደ ኋላ ተመልሶ የተቀበረበት ቋጠሮ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር ያየችው አሰብ ድንጋዩ ላይ፣ አባቷን ነው። እሷ ልጅ ሆና ሞክራ ሞክራ አልሆነላትም፤ የእሷ ይፈታና ዓሣው ከነመንጠቆው ይሄድ ነበር። የተማረው አስራት ነበር።

ቀና ብላ አየችው። አስራት በመስኮቱ ፎቆቹን እያየ ነው።

ጋሽ አዘዘ መረቁ። «ሂጂ፣ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። ባሕሩ ይገራልሽ። ክርሽ አይበጠስ፣ መንጠቆሽ ባዶውን አይውጣ። በሰው አገር ሰው ይስጥሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። ያባትሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም።»

በየቃሉ አሜን ተባለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አሜን አሉ፣ ሸዋዬ ከወጥ ቤት አሜን አለች፣ ሐምራዊት ሳህኑን እንደያዘች አሜን አለች። የአስራት አሜን ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል፣ ግን ይመጣል። ምርቃት ሲወርድ አፉን ዘግቶ መቆም አልለመደበትም።

ሲያበቃ ነው የነቃው። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የተሰበሰብነው እንድትቀር ልንለምናት ነው» አለ።

«ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ አዘዘ። «ታዲያ እኔ መርቄ ሸኘኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ቆሜ ቅሪ ብላት ምርቃቴ ውሸት ሊሆን ነው።» ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ራሳቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ የትነበርሽ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወጥ ሳይቀርብ ስታስታጥቢኝ ነው የገባኝ፣ ልጄ።»

አስራት ግን አልገባውም፣ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። «አታለልሽኝ» አላት።

«አሜን ብለሃል።»

«ባሕር አባቴን አስቀርቶብኛል» አለ አስራት፣ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ። «አንቺንም እንዲያስቀርብኝ አልፈልግም። ሌላ እህት የለኝም።»

«አባባን ባሕር አላስቀረውም፤ ወዶ ነው የቀረው። የተባረርነው እኛ ነን» አለችው። ቁጣዋን አልደበቀችም፣ እንባዋንም አልደበቀችም። «አንዴ ከባሕሬ አባረሩኝ። አንዴ አንተ አስቀረኸኝ። ሦስተኛ የለም፣ አስራት። ብትቆሙም እሄዳለሁ፣ ብትተኙም እሄዳለሁ።»

ይህን ሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም። ተናገረችው፣ ጣሪያውም አልወደቀም። አስራት ዓይኑን ሰበረ።

«መንጠቆውን መቼ አሰርከው?» አለችው፣ ቀስ ብላ።

«ትናንት።»

«ልታስቀረኝ ዘንጌን ወስደህ መንጠቆ ታስርልኛለህ?»

«የአንቺ ቋጠሮ ይፈታል» አለ አስራት። «ድሮም ይፈታ ነበር። ድንገት ከሄደች ብዬ ነው።»

የትነበርሽ ከወጥ ቤት መቀስ አመጣችና ክሩን ከመንጠቆው በላይ ቆረጠችው። አስራት ደነገጠ። መንጠቆውን መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ያንን የተከሳሽ ወንበር ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ዘንጉን ጭኗ ላይ አጋድማ የክሩን ጫፍ አቀበለችው።

«እንደገና እሰረው» አለችው። «ቀስ ብለህ፣ እያየሁ። እዚያ አንተ የለህም።»

አስራት መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ።